የአዴላ ፈርን ሦስት ባሎች

ፋኑኤልን ባለፈው ሳምንት ትተነው የሄድነው መኪናው ውስጥ ነበር። ዛሬም እዚያው ነው። ልዩነቱ መኪናዋ ያን ጊዜ ላስ ቬጋስ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር፣ እናቱ ደጃፍ ቆማ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰመርሊን ሰፈር፣ የናርዲ ወላጆች ቤት ፊት ለፊት ቆማለች። ከውስጧም ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሦስቱም ማስክ አጥልቀው፣ ወገባቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ይወርዳሉ።

ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ልጁ አብሮ አይሄድም። ይህን የማያውቅ የለም። ግን ምን ይደረግ፤ ጋሽ ደግፌ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ገና አላገገሙም። ፓስተር ወንድይራድ ፍሪዌይ ላይ መንዳት ይፈራሉ። አቶ ብርሃኔ ይነዱ እንደሆነ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም፤ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ስለዚህ አግቢው ራሱ ሹፌር ሆነ። ስምምነቱ ፋኑኤል ከመኪናው እንዳይወርድ፣ የቤቱ ባለቤቶችም እንዳላዩት እንዲሆኑ ነው።

"አንተ ዛሬ የለህም፤ ገባህ?" አሉት ጋሽ ደግፌ በሩን ሊዘጉ ሲሉ።

"ገባኝ፣ ጋሼ።"

"የለህም አልኩህ፤ ታዲያ ምን ብለህ ትመልስልኛለህ?"

የፋኑኤልን ሆድ የሚበላው ግን አለመኖሩ አልነበረም። ሽማግሌ የላከባት ልጅ ካኮረፈችው ሳምንታት አልፈዋል፤ ይህንንም ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀጠሮው የተያዘው ከኩርፊያው በፊት ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛውን የኮቪድ ክትባት እስኪወስዱ ሲጠበቅ ብርዱ አለፈ፣ ሙቀቱ መጣ። ፋኑኤል "ይቅር" ሊል አፉን በከፈተ ቁጥር እናቱ ወይዘሮ እናትነሽ ለሽማግሌዎቹ አዲስ ከረባት ይዘው ይመጣሉ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ በማትፈልገው ልጅ አባት ደጅ፣ የሌለ ሰው ሆኖ የተቀመጠው።

ነገሩ የጀመረው በመኪና ማቆሚያ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ፋኑኤል የሚያስተናግድበት የካዚኖ ግብዣ አዳራሽ ተዘጋና ምግብ በመኪና ማድረስ ጀመረ። ቤተክርስቲያኑም አዳራሹን ዘግቶ፣ ምእመናን እሑድ እሑድ በየመኪናቸው ተቀምጠው ስብከቱን በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ፋኑኤል ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ ረድፍ ያስይዛል። የናርዲን መኪና ሆን ብሎ የማይሆን ረድፍ ውስጥ ያስገባትና፣ "ይቅርታ፣ እዚህ ፓርክ አይደረግም" ሊላት ይመለሳል። አንድ እሑድ ራሷ መስኮቷን አውርዳ፣ "ዛሬ ደግሞ የት ነው የምታሳስተኝ?" አለችው። ከዚያ ወዲያ ፋኑኤል ስብከት ሰምቶ አያውቅም።

ናርዲ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ትያትር የምታጠና ልጅ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ አዴላ ፈርን የምትባል ተዋናይትን ብቻዋን የምትጫወትበት ትያትር ነው። አዴላ ፈርን የዛሬ መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ በፈረስ ጋሪ አቧራ ለብሳ ወደ ኔቫዳ የብር ማዕድን ከተሞች የመጣች ሴት ናት። ስታለቅስ ማዕድን ቆፋሪው ሁሉ አብሯት ያለቅስ ነበር። ስትሞትም ኮፍያ ይወልቅላታል፤ በየማታው ትሞታለች። የዘመኑ ጋዜጦች በስሟ ሦስት ባል፣ አንድ ሽጉጥና አንድ የተቃጠለ ሆቴል ጽፈዋል። ናርዲ ስለ እሷ ስታወራ ዓይኗ ይበራል፤ ፋኑኤል አዴላን የወደዳት በዚያ ዓይን ምክንያት ነው እንጂ ትያትርስ ምኑም አልነበረም።

ታዲያ ናርዲ፣ ወላጆቼም ይግባቸው ብላ፣ የአዴላን ንግግር ወደ አማርኛ መለሰችው። በድምፅ ቀድታም እንዲያርምላት ለፋኑኤል ላከችለት። "ሦስት ባሎች ነበሩኝ" ይላል ሲጀምር። "የመጀመሪያውን ካርታ ሲጫወት አገኘሁት፤ ካርታ ሲጫወት ተውኩት። ሁለተኛው ሽጉጡን ረስቶልኝ ሄደ። የሦስተኛውን ስም እንኳ አላስታውስም። በየማታው ሞትኩ፤ በየማታውም ተነሳሁ።" ፋኑኤል ሰምቶ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። እዚህ ያደገች ልጅ እንዲህ ትናገር? ከመካከሉ በኋላ ምላሷ ደክሞ ይንተባተባል፤ ስለዚህ ያማረውን ግማሽ ብቻ ቆርጦ፣ "ምራትሽን ስሚያት" ብሎ ለእናቱ ላከው።

ወይዘሮ እናትነሽ በዕድሜያቸው "ሦስት ባሎች ነበሩኝ" ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው የሰሙት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቤተክርስቲያን፣ ማይክ ይዞ ምስክርነት ሲሰጥ። እዚያ ሰው ከየት እንደወጣ ይናገራል፤ የወጣበት ጉድጓድ በጠለቀ ቁጥር አሜኑ ይደምቃል። ካርታ፣ ሽጉጥ፣ ሦስት ባል፣ ሞቶ መነሳት፤ ይህ ሁሉ በላስ ቬጋስ። ከዚህ የተሟላ ምስክርነት ሰምተው አያውቁም። አለቀሱ፤ እያለቀሱም ለቤተክርስቲያኑ የጸሎት ግሩፕ አስተላለፉት።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግሩፑ በአሜን ተጥለቀለቀ። የናርዲ እናት ወይዘሮ ኤልፍነሽ ደግሞ እንኳን ደስ አለሽ የሚሉ ሰዎች ስልክ መመለስ አቃታቸው። "ሦስት ባል መቼ አገባች?" ይላሉ ለባላቸው። "ልጄ እኮ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከቤት ውጭ ያደረችው ኮቪድ እስኪመጣ፣ ሁለት ሴሚስተር ብቻ ነው። በሴሚስተር ስንት ስንት ሊደርሳት ነው?"

ፋኑኤል ደንግጦ ግሩፑ ላይ ጻፈ፤ "ወገኖቼ፣ ናርዲ እንዲህ ያለች ሴት አይደለችም። ይህ የአንዲት የድሮ ብልሹ ተዋናይት ታሪክ ነው። ናርዲ ጨዋ ልጅ ናት።" ጽፎም እፎይ አለ፤ አዳንኳት ብሎ ምስጋና ሲጠብቅ ዋለ። ማታ ከናርዲ አንድ መስመር መጣለት፤ "አንተም እንደ ጋዜጦቹ።" ከዚያ በኋላ ዝም።

ያንን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበበው እሱ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ምግብ አድርሶ ሲመለስ፣ ቆርጦ የጣለውን ግማሽ ከፍቶ ሰማው። መጀመሪያ ሲሰማው ስህተት እየለቀመ ነበርና ነገሩን አልሰማውም ነበር። አሁን ሰማው። መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋና፣ በራሱ አፈረ።

ወደ ሰመርሊን እንመለስ።

የናርዲ አባት አቶ ዘውገ መሐንዲስ ናቸው። ወንበሮቹን ከጋራዡ ፊት በሜትር ለክተው፣ ስድስት ስድስት ጫማ አራርቀው ደርድረዋል። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ስኳር ስላለባቸው እንግዳ ቤት አይገባም። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ ደጅ ላይ ወንበር መደርደር ይከለክላል፤ አቶ ዘውገ በአንድ ዓይናቸው ሽማግሌዎቹን፣ በአንድ ዓይናቸው መንገዱን ያያሉ። አንዲት ጎረቤት ውሻዋን ይዛ ስታልፍ የሚሸጥ ዕቃ ያወጡ መስሏት የወንበሮቹን ዋጋ ጠየቀች።

"ኧረ ቁጭ በሉ" አሉ አቶ ዘውገ።

"የመጣንበትን ጉዳይ ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ደግፌ።

"ለወገብዎ ጥሩ አይደለም፣ ጋሽ ደግፌ።"

"ወገቤም አይቀመጥም።"

ፋኑኤል መስኮቱን በጣት ስፋት ብቻ አወረደው። ቀና እንዳይል ተነግሮታል፤ ቀና አለ። ፎቅ ላይ፣ በመጋረጃው ጥግ፣ ናርዲ ቆማለች። ፀጉሯን ወደ ላይ አስራ፣ አንገቷ ድረስ የተቆለፈ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳለች። ያን ዕለት ማታ ትያትሩን ከጋራዥ ውስጥ ሆና በዙም ልታሳይ ነበር። እሱን አይደለም የምታየው፤ ሽማግሌዎቹን ነው። እሷን በማየቱ ልቡ ዘለለች፤ እሱን ባለማየቷ ደግሞ ቦታዋ ተመለሰች።

ጋሽ ደግፌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ ቤተሰቡን አመሰገኑ፣ ፋኑኤልንም በሌለበት አሞገሱት። ሁሉም ደህና ሄዶ ሳለ ለጋስ ሊሆኑ ፈለጉ።

"ልጅቷ ያለፈችበትን ሁሉ እናውቃለን" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለእኛ አዲስ ፍጥረት ናት። ሦስት ይሁን አራት፣ እኛ አንቆጥርም።"

"ምኑን ነው የማትቆጥሩት?" አሉ አቶ ዘውገ።

"ባሎቿን።"

የወይዘሮ ኤልፍነሽ ማስክ ወደ ውስጥ ተሳበ። ፋኑኤል ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ለካ ጋሽ ደግፌ ዓይናቸው ታሽጎ ስለነበር የድምፁን መልእክት ሰምተው፣ የጽሑፉን ማረሚያ አላነበቡም።

ፓስተር ወንድይራድ ነገሩን ሊያበርዱ ገቡ። "የለም የለም፣ እሱ እኮ ታርሟል። እሷ አይደለችም። ያቺ ሌላ፣ ማለቴ፣ ብልሹ የሆነች የትያትር ሴት ናት። ልጁ ራሱ ጽፎታል።"

"ልጄ ስለዚያች ዓይነት ሴት ልትማር ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተመላለሰችው?" አሉ አቶ ዘውገ፤ ንዴታቸው ሌላ በር አገኘ።

"ካገባች በኋላ ትተወዋለች" አሉ ፓስተሩ። "ቤት ሲመጣ፣ ልጅ ሲመጣ፣ ማን ትያትር ያስታውሳል?"

"እሱስ ልክ ነው" አሉ ጋሽ ደግፌ።

አቶ ዘውገ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። "ትተዋለች ካላችሁ እንግዲህ፣ ቁጭ ብለን መነጋገር እንችላለን።"

እንዲህ በቀላሉ አለቀ። ፋኑኤል ጣቱን ሳያነሳ፣ አፉን ሳይከፍት፣ ናርዲን ሊሰጡት ነው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ የሌለ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይከብደውም። ቀና ብሎ ፎቁን አየ። ናርዲ አሁን እሱን እያየችው ነበር። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ያቺ የምትበራ ዓይኗ ግን ጠፍታለች፤ ፋኑኤል እንደዚያ አይቷት አያውቅም። ዝም ካልኩ አባቷ ይሰጡኛል፣ እሷን ግን አላገኛትም፣ አለ በልቡ።

የመኪናውን በር ከፍቶ ወረደ።

"የለህም" አሉ ጋሽ ደግፌ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"የለሁም፣ ጋሼ። ግን አንድ ነገር ልናገር።"

አቶ ዘውገ ጨዋ ሰው ናቸውና፣ ያላዩት መስለው ሰማዩን አዩ።

"ብልሹ ያልኳት እኔ ነኝ" አለ ፋኑኤል። "አዴላን አላውቃትም፤ ጋዜጦቹም አያውቋትም ነበር። ናርዲ ናት የምታውቃት። እኔ አማርኛው ያማረበትን ቆርጬ ላክሁና ሌላውን ጣልኩት። ናርዲን ላድን ብዬ ደግሞ ሟቿን ሰደብኩ። ትያትሩን ትተወዋለች ተብሎ የምትሰጠኝ ከሆነ፣ እኔ አልቀበልም። ያልሰማችሁትን ግማሽ ስሙና ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉ።"

ስልኩን ከመኪናው ስፒከር ጋር አገናኘና አራቱንም በር ከፈተ። የናርዲ ድምፅ ደጁን ሞላው፤ ደክሞት፣ ቃል እየፈለገ።

"ይህ ሁሉ የትያትሩ ነው። ሦስቱን ባሎች ደራሲው ነው የሰጠኝ። ቤቴ ውስጥ አንድ ባል ነበረኝ። ቫዮሊን ይጫወታል። ከዚያ ሳንባው፣ አህ፣ ሳንባው ታመመ። መድኃኒት እንድገዛለት ብዬ በየማታው ሞትኩ። እኔ ስሞት ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እሱ የሞተ ቀን ግን ማንም አላለቀሰም። ትያትር መሰላቸው። መቃብሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ፣ አጨበጨቡልኝ።"

ድምፁ አለቀ። ጎረቤቷ እንኳ አንድ ቃል ሳይገባት ውሻዋን ይዛ ቆማለች። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ማስካቸውን ወደ ዓይናቸው ከፍ አድርገው እንባቸውን ጠረጉበት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መቼ እንደሆነ ሳያውቁት ተቀምጠዋል።

"እኔ ሌባ ነበርኩ" አሉ ጋሽ ደግፌ በመጨረሻ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

"በቀበሌ ኪነት። ልጅ ሆኜ፣ ዶሮ ሌባ ሆኜ ተጫወትኩ። ጎበዝ ስለነበርኩ ሰው በሳቅ ሞተ። ከዚያ በኋላ ግን በሰፈሩ ዶሮ በጠፋ ቁጥር እናቴ መጀመሪያ እኔን ነበር የምታየው። ባለሱቁ ዱቤ ከለከለኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ ሰፈር ሰው ሲደውልልኝ፣ 'ሌባው ደህና ነህ?' ነው የሚለኝ። እስቃለሁ፤ ግን ደስ አይለኝም።" ወደ መኪናው ስፒከር ዞሩ። "ይህችን ሴት በድለናታል። እንጸልይላት።"

"ለሞተ ሰው አንጸልይም፣ ጋሽ ደግፌ" አሉ ፓስተር ወንድይራድ ቀስ ብለው።

"እንግዲያው ይቅርታ እንጠይቃት።"

"ይቅርታስ ማን ይቀበልላታል?"

በዚህ መካከል የጋራዡ በር እየተንሿሿ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ናርዲ በትያትር መብራቷ መሐል ቆማለች። ቀሚሷ ከወገቧ በታች በሽቦ ተወጥሮ በሩን ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ወደፊት በተራመደች ቁጥር ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ያፈገፍጋል። አቶ ዘውገ በሜትር የደከሙበትን ርቀት ቀሚሱ ብቻውን አስጠበቀው።

"እኔ እቀበልላታለሁ" አለች። ጎንበስ ብላም ሽማግሌዎቹን እጅ ነሳች። "እንኳን ደህና መጡ፣ ሁላችሁ። አባዬ፣ እኔ ትያትር አልተውም። ለማንም። ካገባሁም አልተውም።"

አቶ ዘውገ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩ። ብዙ ሊሉ አስበው ነበር። "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው?" ብቻ አሉ።

"ስድስት ፒኤም።"

"እናያለን። ሙሉውን እናያለን።" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና ድምፃቸውን አስተካከሉ። "ቤተሰብ ተመካክሮ መልስ ይሰጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሱ።"

ናርዲ ወደ ፋኑኤል አላየችም። ወደ ቆመበት በጣቷ እያመለከተች ግን፣ "እዚህ ጋር ማንም የለም፣ አይደል?" ብላ ጠየቀች።

"ማንም የለም" አሉ ጋሽ ደግፌና ፓስተሩ ባንድ አፍ።

"ኦኬ። ለሌለው ሰው እኔም መልስ አለኝ። በኋላ እልክለታለሁ።"

የጋራዡ በር ወረደ። ፋኑኤል ወደ መኪናው ተመለሰ። መልስ ማለት እሺም ነው፣ እምቢም ነው፤ ከድምፅዋ ለመለየት ሞክሮ አልቻለም።

ሽማግሌዎቹን ጭኖ ወደ ፍሪዌዩ ሳይገባ፣ ቀይ መብራት ላይ ስልኩ ጮኸ። የናርዲ ድምፅ ነው። ቤት ልድረስ አላለም፤ ከፈተው። ስልኩ ከመኪናው ስፒከር ጋር እንደተገናኘ መሆኑ ትዝ ያለው ናርዲ ለአራት ሰው መናገር ከጀመረች በኋላ ነው።

"ፋኑኤል። እኔ በጣም ተናድጃለሁ። ቤተክርስቲያኑ ሁሉ፣ ላይክ፣ ስለ ሦስት ባሎቼ ጸለየ። እናቴ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔን ቼክ ታደርጋለች። ያ ምንም አይደለም፤ ያ ያስቃል። አንተ ግን እኔ ጨዋ እንድባል አዴላን ጣልካት። ነገ ሰው ስለ እኔ መጥፎ ካወራ፣ እኔንም ትጥላለህ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ፣ አንተን አላገባም ብዬ ወሰንኩ።"

የፋኑኤል እጅ ሊያጠፋው ተዘረጋ። ሦስት ሽማግሌ ፊት ይህን መስማት ከሞት የሚተናነስ አልነበረም። ጋሽ ደግፌ እጁን በአየር ላይ ያዙት።

"ተው" አሉት። "ሙሉውን እንስማ።"

ስፒከሩ ውስጥ ናርዲ ስትተነፍስ ይሰማል።

"ዛሬ ግን ከመኪናው ወረድክ። አባቴ ሊሰጡህ ሲሉ፣ አልቀበልም አልክ። ለእሷ ነው የወረድከው፤ እኔ ግን ለእኔ የወረድክ ያህል አለቀስኩ። ሜካፔ ተበላሸ፤ እሱም ያንተ ጥፋት ነው።" በአፍንጫዋ ሳቀች። "መጀመሪያ ዛሬ ማታ ትያትሬን ታያለህ፤ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ቅዳሜ አባዬ መልስ ይሰጣል። መልሱ እሺ ነው። እወድሃለሁ። አማርኛዬን እንዳታርመው።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ የቆሙ መኪኖች ጡሩምባ ያሰማሉ። ፓስተር ወንድይራድ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ይወለውላሉ። ጋሽ ደግፌ የፋኑኤልን እጅ እንደያዙ ናቸው፤ መልቀቁን ረስተውታል።

አቶ ብርሃኔ ከኋላ ወንበር ጠጋ አሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣቸውም ነበር።

"ድገመው" አሉ።

ፋኑኤል ደገመው፤ ከመጀመሪያው፣ ከንዴቷ ጀምሮ፣ ምንም ሳይቆርጥ። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።